ብግነቱን የሚመራው የትኛው ሴል ነው?

አራት ኪሎ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ የተስተካከለ

ጤና ይስጥልኝ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ በዚህ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ታግሳችሁ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የምንነጋገረው ስለ ብግነት፣ ማለትም ሰውነት ሲዋጋ ስለሚመጣው መቅላትና ማበጥ፣ እና እሱን ስለሚመራው ሴል ነው። ሴሉ በዓይን አይታይም። ግን አስም ያለበት፣ መገጣጠሚያው የሚያብጥ፣ ቆዳው የሚያሳክከው ወይም ቲቢ ታክሞ የዳነ ዘመድ የሌለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ከወዲሁ ልናገር።

በሥጋ ደዌ ልጀምር። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ የታወቀው በ1873 ነው። ያገኘው የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሃንሰን ነው። ይኸው ባክቴሪያ ሁለት ሰዎችን ሲይዝ ግን ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ይመስላል። አንደኛው ሰው ቆዳው ላይ ጥቂት የደነዘዙ ምልክቶች ይወጡበታል። ከምልክቱ ላይ ናሙና ቢወሰድ ባክቴሪያው በስንት ፍለጋ ነው የሚገኘው። ሰውነቱ ጀርሙን አንቆ ይዞታል። በዚሁ ትግል መሀል ግን የራሱ ነርቮች ይጎዳሉ። ሁለተኛው ሰው ፊቱና ጆሮው ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል። ናሙናው በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው፣ ጀርምን የሚይዝ ፕሮቲን ሞልቷል፤ ግን አላዳነውም። ብዙዎቹ ሕመምተኞች ደግሞ ከእነዚህ ከሁለቱ ጫፎች መካከል የሆነ ቦታ ላይ ናቸው።

ጀርሙ አንድ ነው። የተለየው የሰውየው ምላሽ ነው። ምላሹን የሚመራው ደግሞ ረዳት ቲ ሴል ነው።

ይህን ታሪክ የመረጥኩት ሩቅ ስላልሆነ ነው። ዘነበወርቅ፣ ከአለርት ሆስፒታል ጎን፣ በሃንሰን ስም የተሰየመው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም አለ። የተመሠረተው በ1970 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመራው ኖርዌያዊው ቶሬ ጎዳል ከባልደረቦቹ ጋር የሥጋ ደዌ ሕመምተኞችን ሊምፎሳይቶች፣ ማለትም ቲ ሴሎች ያሉባቸውን ነጭ የደም ሴሎች፣ መረመረ። ባክቴሪያው የሞላባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ያሉት ሴሎች ለሌላ ነገር ምላሽ ሲሰጡ፣ ለዚያ ባክቴሪያ ግን ዝም ይላሉ። ይህ ሥራ የተሠራው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በእኛ ሰዎች ደም ነው። ስለ ሰው ቲ ሴል የሚያወሩ የሳይንስ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ከቦስተን ወይም ከለንደን ነው የሚጀምሩት። ከዚህም መጀመር ይቻላል።

ረዳት ቲ ሴል ነጭ የደም ሴል ነው። መቅኒ ውስጥ ይወለድና ደረታችን ውስጥ፣ ከልብ በላይ ባለች ታይመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ ይበስላል። ይህች ዕጢ እስከ 1961 ድረስ ጥቅም የሌላት ይመስል ነበር። በዚያ ዓመት ዣክ ሚለር አዲስ ከተወለዱ አይጦች ላይ አወጣት። አይጦቹ በሽታ የመከላከል አቅም አጡ። በእኛ አገር ይህን ሴል የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ‹ሲዲ ፎር› የምንለው እሱ ነው። ኤችአይቪ መርጦ የሚያጠቃው እሱን ነው። ‹ሲዲ ፎርህ ስንት ደረሰ?› የሚለው ጥያቄ በየቤቱ የተጠየቀበትን ዘመን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ችግሩ ከዚያ ዘመን አንድ አስተሳሰብ ይዘን መቅረታችን ነው። ሲዲ ፎር ቁጥር ሆነብን። ከበዛ ጥሩ፣ ካነሰ መጥፎ። ለኤችአይቪ ይህ እውነት ነው፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። በብግነት በሽታዎች ላይ ግን ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። የሚነግረን ሴሉ የሚሠራው ሥራ ነው።

ረዳት ሴል አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እጅ አይገድልም። የእድር ጡሩንባ ነፊን አስቡ። እሱ ድንኳን አይተክልም፣ መቃብርም አይቆፍርም። ጥሪው ሲሰማ ግን ሰፈሩ ይነሣል። የረዳት ሴል ጥሪ ሳይቶካይን የሚባሉ ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። የትኛውን ሳይቶካይን እንደሚያወጣ አይተን ማን እንደሚመጣ ማወቅ እንችላለን።

በ1986 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቲም ሞስማንና ሮበርት ኮፍማን የአይጥ ረዳት ሴሎችን እያባዙ የሚያወጡትን ለኩ። ሴሎቹ ሁለት ወገን ሆነው ተገኙ። አንደኛው ወገን ኢንተርፌሮን ጋማ ያወጣል። ይህ ማክሮፋጅ የሚባሉትን በላተኛ ሴሎች ያነቃል፤ እነሱም ውስጣቸው የተደበቀውን ጀርም ይገድላሉ። ቲኤች 1 ተባለ፤ ‹ቲኤች› የ‹ረዳት ቲ› የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው። ሁለተኛው ወገን ኢንተርሉኪን 4ን ያወጣል። 5ን እና 13ን ማውጣቱም ኋላ ላይ ታወቀ። እነዚህ ኢዮሲኖፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ይጠራሉ፣ ንፍጥ ያበዛሉ፣ የአለርጂ ፀረ እንግዳ አካል እንዲመረት ያዛሉ። ቲኤች 2 ተባለ። ለትል የተዘጋጀ ጦር ነው። ትል ሳይኖር ሲነሣ አስምና አለርጂ ይሆናል።

ብዙም ሳይቆይ የቁንጭር ጥገኛ ተሕዋስያን ይህን በአይጥ ላይ ቁልጭ አድርገው አሳዩ። ቲኤች 1 ያነሡ አይጦች ቁስላቸው ይድናል። ቲኤች 2 ያነሡት ይሞታሉ። በ1991 ደግሞ ሰው ላይ መጣ። ጣሊያን፣ ፍሎረንስ ውስጥ የሰርጂዮ ሮማኛኒ ቡድን ከሰው ደም ሁለቱንም ወገን አወጣ። የቲቢ ባክቴሪያን ፕሮቲን ያዩት ሴሎች ቲኤች 1 ሆኑ፤ የትልን ያዩት ቲኤች 2 ሆኑ። በዚያው ዓመት የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ቆዳ ተመረመረ። ባክቴሪያውን አንቀው የያዙት ሰዎች ቆዳ ላይ ኢንተርፌሮን ጋማ ተገኘ። ባክቴሪያው የሞላባቸው ሰዎች ላይ ኢንተርሉኪን 4፣ 5 እና 10።

እንዲህ ያለ ንጹሕ ክፍፍል ደስ ይላል። ለተማሪ ለማስተማርም ይመቻል። ሃያ ዓመት ያህል መማሪያ መጻሕፍቱን የገዛውም ለዚህ ነው። የሰው በሽታ ግን በሁለት ሳጥን አልገባ አለ።

የመጀመሪያው ስንጥቅ የመጣው ከአንድ መደናገር ነው። ኢንተርሉኪን 12 ሴሎችን ወደ ቲኤች 1 የሚገፋ ፕሮቲን ነው። ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው። አንዱን ክፍል ሲያጠፉት የአይጦች የአንጎል ብግነት ይቆማል። ስለዚህ ጥፋተኛው ቲኤች 1 ነው ተባለ። በ2000 ግን ያንኑ ክፍል የሚጋራ ሌላ ፕሮቲን ተገኘ፤ ኢንተርሉኪን 23። ሁለቱን ለይተው ሲፈትኗቸው፣ በ2003፣ ብግነቱን የሚያንቀሳቅሰው 23 ሆነ። በ2005 ደግሞ ይህ ፕሮቲን የሚያጠነክራቸው ሴሎች የራሳቸው ወገን እንደሆኑ ታወቀ። ኢንተርሉኪን 17 ያወጣሉ። ቲኤች 17 ተባሉ። የሚጠሩት ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ነው። የሚኖሩት ቆዳና አንጀት ላይ፣ ከውጭው ዓለም ጋር በምንገናኝበት ድንበር ነው።

ይህ ድንበር ጠባቂነት ቀላል ነገር አይደለም። የኢንተርሉኪን 17 መንገዳቸው በውርስ የተበላሸ ልጆች አሉ። ሌላ ብዙ ነገር ይቋቋማሉ፤ አፋቸውና ጥፍራቸው ግን ከካንዲዳ ፈንገስ አይጸዳም። የኢንተርፌሮን ጋማ መንገዳቸው የተበላሸ ልጆች ደግሞ ፈንገሱን ችለው በቲቢ ባክቴሪያ ዘመዶች ይጠቃሉ፤ የቢሲጂ ክትባት እንኳን ሊያሳምማቸው ይችላል። ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን ስታዩ የረዳት ሴሎች መለያየት የመጽሐፍ ክፍፍል ብቻ እንዳልሆነ ትረዳላችሁ።

አሁን ዋናው ጉዳዬ ላይ ደርሻለሁ። ይህ ሁሉ ዝርዝር ለሕመምተኛ ምን ይፈይዳል?

ሶሪያሲስን እንውሰድ። ቆዳ ይቀላል፣ ይወፍራል፣ ይሰነጣጠቃል። በዚያ ቆዳ ውስጥ ቲኤች 17 ሞልቷል። ኢንተርሉኪን 17ን የሚይዝ ሰኩኪኑማብ የሚባል መድኃኒት ተሠራ። በ2015 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ለብዙ ሕመምተኞች ቆዳቸውን ያጸዳ መድኃኒት ነው። ክሮንስ የተባለው የአንጀት ብግነትም ውስጥ ቲኤች 17 ሞልቷል። ታዲያ ያው መድኃኒት እዚያ የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? በ2012 ውጤቱ በወጣው ሙከራ መድኃኒቱ አልጠቀመም፤ እንዲያውም የከፋባቸው ሰዎች ነበሩ። አንጀት ላይ ኢንተርሉኪን 17 ግድግዳውን ከሚጠግኑት አንዱ ነው። እሱን ማገድ ግድግዳውን ማሳሳት ሆነ። ከእሱ በላይ ያለውን ኢንተርሉኪን 23ን ማገድ ግን ለክሮንስ ሠራ። ሪሳንኪዙማብ የሚባለው መድኃኒት በ2022 አሜሪካ ውስጥ ለዚህ በሽታ ተፈቅዷል።

የአስሙ ታሪክ ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ነው። ኢንተርሉኪን 5ን የሚያግድ ሜፖሊዙማብ የሚባል መድኃኒት አለ። በ2007 በወጣው ሙከራ አስም ያለባቸው ሰዎች ሳይለዩ ተሰጣቸው። ለውጥ የለም ተባለ። መድኃኒቱ ሊጣል ምንም አልቀረውም ነበር። በ2009 ሁለት ትናንሽ ጥናቶች ሌላ ነገር አደረጉ። ኢዮሲኖፊላቸው የበዛውን፣ ማለትም ቲኤች 2 የሚመራቸውን ሕመምተኞች ብቻ መረጡ። የአስሙ መነሣት በግልጽ ቀነሰ። በ2015 መድኃኒቱ ተፈቀደ። ፕሮቲኑ ያው ነው፣ መርፌው ያው ነው። የተለወጠው ‹አስም› ከሚለው ስም ጀርባ የትኛው ሴል እንዳለ መጠየቃቸው ነው።

ለዚህ ነው ‹ብግነት› ብለን ባንድ ስም ጠርተን፣ ባንድ መድኃኒት እንጨርሰው ስንል የምሠጋው።

የአይጥ ነገርም አለ። አይጥን አልጠላም፤ ያለ አይጥ ይህን ሁሉ አናውቅም ነበር። ሰው ግን ትልቅ አይጥ አይደለም። ለዚህ በ2006 ለንደን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ቲጂኤን 1412 የሚባል አዲስ መድኃኒት ነበር። ቲ ሴሎች ላይ ሲዲ 28 የሚባል መቀበያ ይይዛል። በእንስሳት ላይ ሲሞከር ሌሎቹን የሚያረጋጉትን ተቆጣጣሪ ሴሎች የሚያበዛ መሰለ። ስለዚህ ሩማቶይድ አርትራይቲስ እንደሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ያሉ በሽታዎችን ያበርዳል ተብሎ ተስፋ ተጣለበት። ለስድስት ጤነኛ ወጣቶች ተሰጠ። መጠኑ እንስሳት ላይ ጉዳት ካላመጣው 500 ጊዜ ያነሰ ነበር። በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ስድስቱም ታመሙ። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውረድ፤ ከዚያ የሳንባና የኩላሊት ሥራ ተናጋ። ሁሉም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ደግነቱ ሁሉም ተርፈዋል።

ምክንያቱ የተብራራው ከዓመታት በኋላ ነው። ሙከራው ላይ የዋሉት ጦጣዎች በሕይወታቸው ብዙ ውጊያ ያዩት፣ ነባሮቹ ረዳት ሴሎቻቸው ላይ ሲዲ 28 የለም። የሰው ነባር ረዳት ሴሎች ላይ ግን አለ። መድኃኒቱ እንስሳው ላይ ያላገኛቸውን ሴሎች ሰው ላይ አገኛቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳይቶካይን ለቀቁ። አንድ መቀበያ፣ አንድ የሴል ወገን፣ በሁለት ዝርያ መካከል ያለች አንዲት ልዩነት ይህን ያህል ዋጋ አላት። የሰው ረዳት ሴሎችን ከሰው ላይ ማጥናት ቅንጦት አይደለም የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ሰው ላይ ሲጠኑ ደግሞ ሳጥኖቹ መፍረሳቸውን ቀጠሉ። በ2012 ስዊዘርላንድ፣ ቤሊንዞና ውስጥ የፌዴሪካ ሳሉስቶ ቡድን የሰው ቲኤች 17ን ለሁለት ጀርሞች ፈተነ። ካንዲዳን የሚያውቁት ሴሎች ከኢንተርሉኪን 17 ጋር ኢንተርፌሮን ጋማ ያወጣሉ። ስታፊሎኮከስ የተባለውን የቆዳ ባክቴሪያ የሚያውቁት ደግሞ ኢንተርሉኪን 10 ማውጣት ይችላሉ። 10 ብግነትን የሚያበርድ ነው። ሁለቱም ቲኤች 17 ናቸው። አንዱ እሳት ይጨምራል፣ አንዱ ውኃ ያፈሳል። የሚለያቸው አንዱ ነገር በዙሪያቸው ያለው የኢንተርሉኪን 1 ቤታ መጠን ነው። ስለዚህ ‹ቲኤች 17 ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?› ለሚል ሰው አጭር መልስ የለኝም።

ሌላም አለ። ስለ ሰው ቲ ሴል ያለን እውቀት በአብዛኛው ከደም ነው፤ ደም ለመቅዳት ቀላል ስለሆነ። ከሰውነታችን ሊምፎሳይቶች ውስጥ ደም ውስጥ ያለው ግን ወደ 2 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ሊምፍ ዕጢ፣ አንጀት፣ ቆዳ፣ ሳንባ ውስጥ ነው። በ2017 የቦስተን ተመራማሪዎች ሩማቶይድ አርትራይቲስ ያለባቸውን ሰዎች የመገጣጠሚያ ሽፋን ወስደው እያንዳንዱን ሴል መረመሩ። እዚያ ቀድሞ በስም ያልታወቀ ረዳት ሴል በብዛት አገኙ። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትን ቢ ሴሎች ይጠራል፣ ምርቱንም ይረዳል። ይህ ሥራ የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ሴሎች ሥራ ነው ተብሎ ነበር የሚታሰበው። ይህ ሴል ግን የሊምፍ ዕጢ መግቢያ ምልክት የለውም። ያበጠው ጉልበት ውስጥ ገብቶ ሥራውን እዚያው ይሠራል። ደም ብቻ ቢቀዱ ኖሮ ይህን ያህል ጎልቶ አይታያቸውም ነበር።

ቲኤች 9፣ ቲኤች 22 የሚባሉም አሉ። ዝርዝሩን ዛሬ አላበዛባችሁም። እኔ ራሴ ሴሎቹን በቁጥር ከመሰየም ይልቅ የት እንዳሉ፣ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሚያወጡ መጠየቅ የበለጠ ይረዳል ባይ ነኝ።

ተቆጣጣሪዎቹን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ረዳት ሴሎች ውስጥ ሌሎቹን የሚያረጋጉ አሉ። በ1995 ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ ለይቶ አሳያቸው። በ2001 ሜሪ ብረንኮውና ፍሬድ ራምስዴል ፎክስፒ 3 የሚባለውን ጂን አገኙ። የዚህ ጂን መበላሸት ወንድ ሕፃናት ላይ ስኳር፣ ከባድ ተቅማጥና ችፌ በአንድነት ያመጣል። ሦስቱ በ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። እዚህም የሰውና የአይጥ ልዩነት አለ። ሰው ላይ ተራ ረዳት ሴልም ሲነቃ ፎክስፒ 3ን ለጊዜው ያሳያል። ስለዚህ ያንን ምልክት ብቻ አይቶ ‹ይህ የሚያረጋጋ ሴል ነው› ማለት አይቻልም።

ወደ እኛ እንምጣ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ከኔዘርላንድ ጋር በጋራ የተካሄደ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ነበር። የአቃቂና የወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞች ተሳትፈውበታል። በ1999 የታተሙት ውጤቶች ብዙ ሰው አስገርመዋል። ኤችአይቪ የሌለባቸው፣ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን አማካይ ሲዲ ፎር ከ800 በታች ነበር። የኔዘርላንዶቹ ወደ 1000 ይጠጋል። ከዚያም በላይ፣ ገና ምንም ጀርም ያላዩ ረዳት ሴሎች የእኛ ሰዎች ላይ ያነሱ ናቸው፤ የነቁትና ለሥራ የተዘጋጁት ደግሞ የበዙ። በዚያው ዘመን ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ይህን ሁኔታ ከአንጀት ትል ጋር አያይዘውታል። ትሉ ሲታከም ሴሎቹ ረጋ ማለት ይጀምራሉ።

ይህ የሚነግረን እኛ ደካማ መሆናችንን አይደለም። የእኛ ረዳት ሴሎች ከልጅነት ጀምሮ ሌላ ሕይወት ኖረዋል ማለት ነው። ቲቢ አይተዋል፣ ትል አይተዋል፣ ወባ ያዩም አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ ሌላ አገር ሰው ላይ ብቻ የተፈተነ መድኃኒት ስንሰጥ ምን እንደሚሆን አስቀድመን ልናውቅ ይገባናል። አንድ ምሳሌ አለ። ቲኤንኤፍ የሚባለው ሳይቶካይን መገጣጠሚያን የሚያቃጥል ነው፤ ቲቢን አጥሮ የሚይዘውም እሱ ነው። እሱን የሚያግደው ኢንፍሊክሲማብ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2001፣ መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ቲቢ የያዛቸው 70 ሰዎች ሪፖርት ተደረገ። ተኝቶ የነበረ ቲቢ ነው የተነሣው። ተኝቶ ያለ ቲቢ የተሸከመው ሰው በበዛበት እንደ እኛ ባለ አገር ቅድመ ምርመራው ለይስሙላ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ኤችአይቪ ላይም የማይረሳ ነገር አለ። ሲዲ ፎሩ በጣም የወረደ፣ ቲቢም ያለበት ሰው መድኃኒት ሲጀምር ሴሎቹ ይመለሳሉ። ተመልሰው ቲቢውን ሲያገኙት ይነሡበታል። ንፍፊቱ ያብጣል፣ ትኩሳቱ ይመለሳል፣ ሰውየው ‹መድኃኒቱ ገደለኝ› ይላል። መድኃኒቱ አይደለም። የተመለሱት ረዳት ሴሎች ናቸው። በ2018 የታተመ የኬፕታውን ሙከራ ፕሬድኒሶን የሚባለውን፣ ብግነትን የሚያበርድ ስቴሮይድ ለአንድ ወር አብሮ መስጠት ይህን ችግር ከ47 በመቶ ወደ 33 በመቶ ዝቅ እንዳደረገው አሳይቷል። ስቴሮይድ በሐኪም እጅ፣ ለታወቀ ሰው፣ ለታወቀ ጊዜ ሲሰጥ ይጠቅማል።

ዝሆኔ ለእኔ ከሁሉም የሚቆጨኝ በሽታ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት የሚሠራ ገበሬ እግሩ ያብጣል። ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ያለበትም ዓይነት አለ፤ ይኸኛው ግን ጀርም የለበትም። የአፈሩ ማዕድን ቅንጣት ነው የሚያስቆጣው። በአገራችን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሕመምተኛ እንዳለ ይገመታል። ግን አንድ መንደር ውስጥ፣ አንድ አፈር ላይ እየሠሩ አንዱ ይታመማል፣ ሌላው አይታመምም። በ2012 በደቡብ ኢትዮጵያ ሕመምተኞች ላይ የተሠራ የጂን ጥናት መልስ ጠቆመ። ልዩነቱ ያለው ኤችኤልኤ ክላስ 2 በሚባሉት ጂኖች አካባቢ ነው። እነዚህ ጂኖች የሚሠሩት ፕሮቲን ለረዳት ቲ ሴል ‹ይህን እይ› ብሎ የሚያሳየው ነው። ከአፈር የሚመጣ በሽታ ውስጥም ረዳት ሴል እጁ አለበት ማለት ነው። የትኛው ዓይነት ረዳት ሴል እንደሆነ ከእግሩ ሥጋ ላይ ማየት ያለብን እኛ ነን። በሽታው ያለው እኛ ጋ ነው። እስከዚያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና ታጥቦ ማድረቅ በሽታውን ይከላከላል። ይህ ለሴል ጥናት መቆየት የለበትም።

ለመሥራት ደግሞ ከባዶ አንነሣም። ለኤችአይቪ ተብሎ ሲዲ ፎር የሚቆጥር ማሽን በየክልሉ ገብቷል፤ ማሽኑን የሚያውቁ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች አሉን። ከዚህ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ቢወረድ ጥቁር አንበሳ አለ። እዚያ የሩማቶሎጂ፣ የቆዳ፣ የሳንባ ሕመምተኛ በየቀኑ ይታያል። እዚሁ አራት ኪሎ የባዮሎጂ ተማሪዎች አሉ። የሚጎድለው ሕመምተኛውን የሚያየው ሐኪምና ሴሉን የሚያየው ተመራማሪ በአንድ ናሙና ዙሪያ መቀመጣቸው ነው። ለምርመራ ከተወሰደች ቁራጭ ሥጋ፣ ሕመምተኛው በግልጽ ተነግሮት ከፈቀደ፣ ጥቂቷን በሥርዓት ማቆየት ይቻላል። ተማሪዎች ሆይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለምትፈልጉ ይህ ሰፊ ሜዳ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በተናገርኩ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ይመጣል። ሰዓቱ ሳያልቅ እመልሳቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ስለ ትል ነው። ጂማ ላይ በተሠሩ ጥናቶች አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ በዝቶ ተገኝቷል። በ2001 የታተመው ደግሞ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል በብዛት ያለባቸው ሰዎች ላይ የደረት ሲር ሲር ማለት ያነሰ እንደሆነ አሳይቷል። ትሉ ራሱን ለማትረፍ የሚያረጋጉትን ሴሎች ሳያበረታታ አይቀርም። ታዲያ ‹ልጄ አስም አለባት፤ የትል መድኃኒቱን ልተውላት?› የሚሉ እናቶች አሉ። እባካችሁ አትተዉ። ሁክዎርም ደም ይመጥጣል፣ ልጅን ያቀጭጫል። እንግሊዝ አገር ሆን ብለው ለአስም ሕመምተኞች ትሉን በጥቂቱ ሰጥተው ሞክረዋል፤ የሚያኮራ ጥቅም አላገኙም። ከትሉ መማር ያለብን የሚያረጋጋበትን ዘዴ ነው። ትሉን ማኖር አይደለም።

ሁለተኛው ስለ ስቴሮይድ ነው። ‹ስቴሮይድ መጥፎ ነው እያልክ ነው?› ይሉኛል። አይደለም። ስቴሮይድ ወገን አይለይም፤ ቲኤች 1ንም፣ ቲኤች 2ንም፣ ጠባቂውንም አጥፊውንም አንድ ላይ ያበርዳል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ‹ለአለርጂ› ተብሎ ዴክሳሜታዞን ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ አደጋ ነው። ሆዱ ውስጥ ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው ትል ያለበት ሰው ስቴሮይድ ቢውጥ ትሉ ተባዝቶ በሰውነቱ ሁሉ ሊሠራጭና ሊገድለው ይችላል። ፊት ለማቅላት የሚቀባው ስቴሮይድ ያለበት ክሬምም ቆዳውን ያሳሳል፤ ፊት ላይ ያለውን የፈንገስ ቁስል ደብቆ ያሰፋዋል።

ለአስም የሚሳበው ስቴሮይድ ግን ሌላ ነገር ነው። መጠኑ ትንሽ ነው። የሚደርሰው በቀጥታ ሳንባ ላይ ነው። የሚያበርደውም በዋናነት ያንን የቲኤች 2 ብግነት ነው። የታዘዘላችሁ ካላችሁ ደህና ሆንኩ ብላችሁ አታቋርጡ። የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው፤ ከዚያ ሌሊት ሲነሣባቸው ድንገተኛ ክፍል ይገባሉ። ሰማያዊው ቱቦ ለጊዜው መተንፈሻ ይከፍታል እንጂ ብግነቱን አይነካም። ብግነቱን የሚያክመው በየቀኑ የሚሳበው ነው። ቤት ስትደርሱ ያላችሁ የትኛው እንደሆነ እዩ። ካላወቃችሁት ለሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ይዛችሁት ሂዱና ጠይቁ።